ፋንታሲና ሳይንስ ፊክሽን «አይሆነኝም» ለሚል ሰው የትኛውን አንድ መጽሐፍ ታውሳላችሁ?

ገጽ አጣፊ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ምክር ፈልጌ ነው የመጣሁት። ታላቅ እህቴ ከእኔ የበለጠ አንባቢ ናት። የሕይወት ታሪክ፣ የታሪክ መጽሐፍ፣ ሦስት ትውልድ የሚያልፍበት የቤተሰብ ልብ ወለድ ስጧት፤ በሳምንት ጨርሳ ትመልሳለች። ፋንታሲና ሳይንስ ፊክሽን ግን አታስጠጋም። «ያልነበረና የማይኖር ነገር አንብቤ ምን ላገኝ?» ትላለች።

ለዚህ ያበቃኋት እኔው ነኝ። ከዓመታት በፊት የቶልኪንን «የቀለበቶቹ ጌታ» ሦስቱንም ቅጽ በአንዴ አሸከምኳት። እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ እየተመላለስኩ የማነበው መጽሐፍ ነው። እሷ ግን ከመቅድሙ አላለፈችም። ታሪኩ ገና ሳይጀምር ስለ ሆቢቶች ጎሳ፣ ስለሚያጨሱት ቅጠል፣ ስለ አገራቸው አስተዳደር ይወራል። እኔ ያንን ክፍል የምወደው ወደ የት እንደሚወስደኝ ስለማውቅ ነው፤ እሷ በምን ታውቃለች?

ሰሞኑን ግን «እሺ፣ አንድ መጽሐፍ አምጣ። አንድ ብቻ። ካልያዘኝ ዳግመኛ እንዳትጨቀጭቀኝ» አለችኝ። ስለዚህ መሳሳት አልችልም። «ምርጥ አሥር» የሚል ዝርዝር አልፈልግም፤ እሱን የትም አገኘዋለሁ። ለምትወዱት ሰው አንድ መጽሐፍ ብቻ ብትሰጡ የትኛውን ነው? ለምንስ?

ዘጠነኛው ፕላኔት፦

የዳንኤል ኪይስን «አበቦች ለአልጀርኖን» ስጣት። እኔ ሌላ አላስብም።

ቻርሊ ጎርደን 32 ዓመቱ ነው። የአእምሮ ብቃት መለኪያው 68 ነው፤ ማንበብና መጻፍ መቻልን ግን ከምንም በላይ ይመኛል። ተመራማሪዎቹ አልጀርኖን በሚባል አይጥ ላይ የሞከሩትን ቀዶ ሕክምና በእሱም ላይ ያደርጉታል። መጽሐፉ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ቻርሊ ራሱ የሚጽፈው የለውጥ መዝገብ ነው። መጀመሪያ ላይ ፊደል ይገድፋል፣ ሥርዓተ ነጥብ አያውቅም። ከዚያ ዓረፍተ ነገሩ ቀስ በቀስ እየቀና ይሄዳል፤ ይረዝማል፤ ይራቀቃል። የቀረውን እህትህ ትድረስበት።

የጠፈር መርከብ የለም፣ ሮቦት የለም። ያለው «የሌለ ነገር» ያ ቀዶ ሕክምና ብቻ ነው፤ ሌላው ሁሉ ሰው ነው። ቻርሊ ጓደኞቼ የሚላቸው ሰዎች ዘመኑን ሁሉ ሲሳለቁበት እንደኖሩ የሚገባው ቦታ ላይ ስደርስ መጽሐፉን ዘግቼ ለረጅም ጊዜ ዝም ብዬ ተቀምጫለሁ። መንቃቱ ነው ያቆሰለው፤ ያንን ማንም አስቀድሞ አልነገረውም።

መጀመሪያ በ1959 አጭር ታሪክ ሆኖ ነው የወጣው። ቀድሞ የቀረበለት የመጽሔት አርታኢ መጨረሻው ደስ የሚል ይሁን ብሎ ጠይቆ ነበር። ኪይስ እምቢ ብሎ ለሌላ መጽሔት ሰጠው፤ በ1960 ለሳይንስ ፊክሽንና ፋንታሲ የሚሰጠውን የሁጎ ሽልማት አገኘ። በ1966 ወደ ረጅም ልብ ወለድ ሲያሳድገውም ያንኑ መጨረሻ አልለቀቀም። ስታነበው ለምን እንዳልለቀቀ ይገባሃል።

አሸዋ ለባሽ፦

ይህ «ለጀማሪ ቀለል ያለ» የሚባል ነገር ለእኔ አይዋጥልኝም። ሴትየዋ አንባቢ ናት ተብሏል። ሦስት ትውልድ የሚያልፍበት ልብ ወለድ በሳምንት የምትጨርስ ሰው የፍራንክ ኸርበርትን «ዱን» የማትጨርስበት ምክንያት አይታየኝም። እሱም እኮ የቤተሰብ ታሪክ ነው። ርስት አለ፣ ክህደት አለ፣ ልጇን ለመሪነት አሳድጋ ያሳደገችውን ሰው የምትፈራ እናት አለች።

ደግሞም የሌለ ዓለም አይደለም። ታሪኩ የሚፈጸምባት የበረሃ ፕላኔት፣ አራኪስ ላይ ውሃ ስለሌለ ሕግ፣ ሃይማኖት፣ ልብስ፣ ሰላምታ ሳይቀር ሁሉም ነገር ከውሃ ይነሣል። አንድ የበረሃው መሪ በአለቆች ስብሰባ መካከል ጠረጴዛው ላይ ምራቁን ሲተፋ ጠባቂዎቹ ሰይፍ ሊመዙ ይነሣሉ። ነገሩ ግን ለካ ስጦታ ነው፤ ሰውዬው ከገላው ውሃ ቆርሶ መስጠቱ ነው። ያቺን አንዲት ገጽ ካነበብኩ ጀምሮ ውሃ ሲፈስ ዝም ብዬ ማየት አልቻልኩም።

ኸርበርት መነሻውን ያገኘው ኦሪገን ጠረፍ ላይ፣ ፍሎረንስ ከተማ አጠገብ ነው። የሚንቀሳቀሰውን አሸዋ ሣር ተክሎ ለማቆም ስለሚደረገው ጥረት ጽሑፍ ሊያዘጋጅ ሄዶ ጽሑፉ ሳይወጣ ቀረ፤ አሸዋው ግን ልቡ ውስጥ ቀረ። ልብ ወለዱን ከ20 በላይ አሳታሚዎች መለሱበት። በመጨረሻ በ1965 ያሳተመው ቺልተን በመኪና ጥገና መጻሕፍት የሚታወቅ ድርጅት ነው። እኛም በተራችን ለአንባቢ ይከብዳል ብለን አንመልሰው።

ሕዳግ ጸሐፊ፦

አሸዋ ለባሽ፣ ስለ ምራቁ ያነሣኸው እውነት ነው፤ እኔንም ያኔ ነው የያዘኝ። ግን እዚያ እስክደርስ ከመጽሐፉ ጀርባ ያለውን የቃላት መፍቻ ስንት ጊዜ እንደገለጥኩ አስታውሳለሁ። ወዶ ለገባ ሰው ያ ደስታ ነው። «አንድ ብቻ» ብሎ ለሚጠብቅ ተጠራጣሪ ግን ሁለተኛ መቅድም ይሆንበታል።

የእኔ ምርጫ ኡርሱላ ለ ጉዊን ናት። «የኧርዝሲ ጠንቋይ» በ1968 ነው የወጣው፤ 200 ገጽ ገደማ ነው። ጦርነት ላይ የቆመ ታሪክ አይደለም። ጌድ የሚባል ልጅ ችሎታውን ለማሳየት ሲል መንካት የሌለበትን ነክቶ ጥላ የመሰለ ነገር ይለቅቃል፤ ከዚያ ከእሱ ሲሸሽ ይቆይና አንድ ቀን ዞሮ ማሳደድ ይጀምራል። በዚያ ዓለም የነገሩን እውነተኛ ስም ያወቀ ነገሩን ያዝዘዋል፤ ስለዚህ ሰው ስሙን ከነፍሱ ለማይለየው ወዳጅ ካልሆነ አይነግርም። ጌድ ቆዳው ቀላ ያለ ቡናማ ነው። ለ ጉዊን ይህን አውቃ ነው የጻፈችው፤ የሽፋን ሠዓሊዎች ነጭ እያደረጉ ሲሥሉት ለዓመታት ተከራክራለች።

ልቤ ግን ያለው በ1969 የወጣው «የጨለማ ግራ እጅ» ላይ ነው። ጌተን የምትባል የበረዶ ፕላኔት ላይ የሚኖሩት ሰዎች ወንድም ሴትም አይደሉም። በየወሩ ለጥቂት ቀናት ብቻ አንዱን ይሆናሉ፤ የትኛውን እንደሚሆኑም አስቀድመው አያውቁም። ያው አንድ ሰው ለአንዱ ልጅ እናት፣ ለሌላው አባት ሊሆን ይችላል። ለ ጉዊን በእንግሊዝኛ ስትጽፍ ሁሉንም «እሱ» አለቻቸው። ተወቀሰችበት፤ እሷም ለብዙ ዓመታት ስታሰላስለው ኖረች። እዚያው ፕላኔት ላይ የሚፈጸም አንድ አጭር ታሪኳን በ1975 በመድበል ስታወጣው ሁሉንም «እሷ» ብላ አስተካክላዋለች።

አሁን ይህን በአማርኛ አስቡት። እኛ «እሳቸው» አለን። «መጡ፣ ተቀመጡ፣ ተናገሩ» ሲባል ወንድ ይሁኑ ሴት ግሡ አይነግረንም። ጌተኖችን ሁሉ አንቱ ብንላቸው ደራሲዋ ፈልጋ ያጣችው ቃል እጃችን ላይ አለ ማለት ነው። ግን ያስከፍላል። ከሌላ ዓለም የመጣው መልእክተኛ ጌንሊ አይና የጌተኑ ሰው ኤስትራቨን ያን ሁሉ በረዶ በአንዲት ድንኳን ሲሻገሩ አንቱታው እስከ መጨረሻው መሐላቸው ሊቆም ነው? ሊነሣ ከሆነ ደግሞ ጌንሊ «አንተ» ሊል ነው «አንቺ»? መጽሐፉ በሙሉ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። በእንግሊዝኛው ላይ ሳነበው ያልታየኝ፣ ለጓደኛዬ በቃሌ ስተርክለት ምላሴ ሲያዝ ነው የታየኝ።

ማለዳ፦

ሕዳግ ጸሐፊ፣ ይህን አስቤው አላውቅም፤ ሌሊቱን ሳብሰለስለው አደርኩ። የኤን ኬ ጀሚሲን «አምስተኛው ወቅት» ላይ ደግሞ ተቃራኒው ይገጥመናል። ከሦስቱ የትረካ መስመሮች አንዱ አንባቢውን በቀጥታ እያናገረ ነው የሚሄደው። በእንግሊዝኛ አንባቢው የሚጠራበት «ዩ» (you) ጾታ የለውም፤ ማንም ሰው ዝም ብሎ ይገባበታል። ባለታሪኳ ልጇ የተገደለባት እናት ስለሆነች አማርኛው ከመጀመሪያው ቃል «አንቺ» ማለት አለበት። ወንድ አንባቢ ያን ሁሉ ገጽ «አንቺ» እየተባለ ያነባል። ይህ ጉድለት አይመስለኝም፤ እንዲያውም ሐዘኑን ከውጭ ቆሞ እንዳያይ ያስገድደዋል። የጀሚሲን ሦስቱም ቅጾች በ2016፣ በ2017 እና በ2018 በተከታታይ ሁጎን ወስደዋል፤ ከእሷ በፊት ይህን ያደረገ የለም። ለገጽ አጣፊ እህት ግን የመጀመሪያ አላደርገውም። የሚጀምረው በልጅ ሞት ነው።

ስለ ቻርሊ ጎርደንም አንድ ነገር። ስሕተቱን በፊደላችን እንዴት እንጽፈው ይሆን? ሀ፣ ሐ እና ኀን ቢያቀያይር ማንም ስሕተት አይለውም፤ የተማረውም ሲያቀያይር ይውላል። ካዕቡን ከሳልሱ ማጋጨት፣ ቃላቱን ሳያለያዩ ማጣበቅ፣ አራት ነጥቡን መዘንጋት ይኖርበታል። ከዚያም ቻርሊ ሲሻሻል አንድ ቀን «ሠ»ን በቦታዋ ሲያስገባት አንባቢው ልቡ ይዘላል።

ዘጠነኛው ፕላኔት፦

ማለዳ፣ ያቺ «ሠ» ዓይኔን እንባ ሞላችው። እባክሽ አንድ ቀን ተርጉሚው።

የሌሊት ፈረቃ፦

ሳይንስ የሚወድ ሰው ቢሆን የአንዲ ዌርን «ዘ ማርሺያን» እል ነበር። ማርስ ላይ ብቻውን የቀረ ሰው ያለውን እየቆጠረ፣ እያሰላ፣ ቀን በቀን ለመኖር ይታገላል። ዌር መጀመሪያ ምዕራፍ በምዕራፍ በራሱ ድረ ገጽ ላይ ነው ያወጣው፤ አንባቢዎች ስሌቱን ያርሙለት ነበር። ለታሪክ አንባቢ ግን እርግጠኛ አይደለሁም።

ለታሪክ አንባቢ የሊዩ ሲሺን «የሦስቱ አካላት ችግር»ስ? በቻይና የባህል አብዮት ውስጥ፣ አባቷ በሕዝብ ፊት ተደብድቦ ሲሞት ባየች ልጅ ነው የሚከፈተው። ለሰው ልጅ ያላትን ተስፋ የምታጣበት ምክንያት ከሰማይ የመጣ አይደለም፤ ታሪክ ነው።

አሸዋ ለባሽ፦

እሱን እኔም እደግፋለሁ፤ ግን አጋማሹ ላይ ሰዎቹ ስም ብቻ ሆነው ይቀራሉ። ሐሳቡ ግዙፍ ነው፣ ሰዎቹ ቀጭን ናቸው። ሰው ፈልጋ ለምታነብ አንባቢ ያ ይጎድላታል።

ማለዳ፦

በቻይንኛው መጽሐፍ የባህል አብዮቱ ክፍል መሐል ላይ ነው ያለው፤ ታውቁ ነበር? ተርጓሚው ኬን ሊዩ ከደራሲው ጋር ተስማምቶ በእንግሊዝኛው ወደ ፊት አመጣው፤ ደራሲው ራሱ መጀመሪያ ያሰበው እንደዚያ ነበር። በ2015 ሁጎን ሲያገኝ በትርጉም የቀረበ ረጅም ልብ ወለድ ያንን ሽልማት ሲወስድ የመጀመሪያው ነው። በነገራችን ላይ የስታኒስዋቭ ሌምን «ሶላሪስ» የምታነቡ ካላችሁ የትኛውን ትርጉም እንደያዛችሁ እዩ። የቀድሞው እንግሊዝኛ ከፈረንሳይኛው የተገለበጠ ነው፤ ሌም ራሱ አልወደደውም። ከፖላንድኛው በቀጥታ የተተረጎመው በ2011 ነው የወጣው።

ረጅም መንገድ፦

አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ፦ ያላለቀ ተከታታይ እንዳትሰጣት። የጆርጅ ማርቲን አምስተኛ ቅጽ በ2011 ወጣ፤ ስድስተኛውን እስካሁን እየጠበቅን ነው። የፓትሪክ ሮትፈስ ሁለተኛ ቅጽም የወጣው በዚያው ዓመት ነው፤ ሦስተኛው የለም። ሮበርት ጆርዳን በ1990 የጀመረውን ሳይጨርስ በ2007 አረፈ፤ ብራንደን ሳንደርሰን በማስታወሻዎቹ ተመርቶ 14ኛውን ቅጽ በ2013 ባያደርስልን ኖሮ እስከ ዛሬ ተንጠልጥለን ነበር። እኔ ጠባቂ ነኝ፤ መጠበቅ ለምጄዋለሁ። አዲስ ሰው ግን መዝጊያ የሌለው ቤት አይገባም።

ጥቁር ቀለም፦

ሁላችሁንም በጸጥታ ሳነብ ቆየሁ። ገጽ አጣፊ፣ እህትህ ታሪክና የቤተሰብ ልብ ወለድ ትወዳለች ካልክ መልሱ አንድ ነው፦ ኦክታቪያ በትለር፣ «ኪንድሬድ»፣ 1979። የሥጋ ዘመዳሞች እንደማለት ነው።

ዴና ጥቁር አሜሪካዊት ጸሐፊ ናት። ጊዜው 1976 ነው፤ 26ኛ ዓመት ልደቷ ላይ፣ ገና በገቡበት ቤት መጻሕፍት እየደረደረች ሳለ ያዞራትና ትወድቃለች። ስትነቃ ወንዝ ዳር ናት፤ አንድ ቀይ ፀጉር ነጭ ልጅ ውሃ ውስጥ እየሰጠመ ነው። ታወጣዋለች። ቦታው ሜሪላንድ ነው፤ ዘመኑ ደግሞ ባርነት ሕግ የሆነበት፣ የ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ነው። ልጁ ሩፈስ ይባላል፤ የባሪያ ጌታ ልጅ ነው፤ የዴና ቅድመ አያትም ነው። ሕይወቱ አደጋ ላይ በወደቀ ቁጥር ዴና ትጠራለች። ካላዳነችው እሷ አትወለድም። ካዳነችው ደግሞ ሲያድግ ምን እንደሚሆን እያየች ነው።

ይህ መጽሐፍ ሰው የሚያሠቃየው በጅራፉ ብቻ አይደለም፤ በመልመዱ ነው። ዴና ነጻ ሰው ናት፣ የተማረች ናት፣ መጨረሻውን ታውቃለች። ግን ከጥቂት ሳምንታት በኋላ አንገቷን መድፋት ትለምዳለች፤ ሰው ምን ያህል በቀላሉ እንደሚገራ ራሷ ላይ ስታይ ትደነግጣለች። በትለር መነሻዋን ስትናገር፣ አንድ የኮሌጅ ጓደኛዋ የቀደመውን ትውልድ ጎንበስ ብሎ ኖረ ብሎ ሲኮንን መስማቷን ታነሣለች። እናቷ የቤት ሠራተኛ ነበረች፤ በጓሮ በር ስትገባና ክብር በሌለው ቃል የሚናገሯትን ሰዎች ዝም ስትላቸው በትለር ልጅ ሆና አይታለች። ያ ዝምታ ምን እንዳስከፈለና ማንን እንዳሳደገ ለማሳየት ነው መጽሐፉን የጻፈችው።

ዴና እንዴት ወደ ኋላ እንደምትሄድ የሚያስረዳ አንድ መስመር የለም። በትለር ራሷም ሳይንስ ስለሌለበት ሳይንስ ፊክሽን አልለውም ትል ነበር። «የሌለ ነገር» ለምትል ሰው ከዚህ የተሻለ አላውቅም፤ የሌለው መንገዱ ብቻ ነው፣ የተደረሰበት ቦታ ነበረ።

ገጽ አጣፊ፦

ጥቁር ቀለም፣ ይህን ካነበብኩ በኋላ ሌላ መፈለግ አቆምኩ። «ኪንድሬድ»ን እሰጣታለሁ። ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፤ የሆነውን ተመልሼ እነግራችኋለሁ።

የሌሊት ፈረቃ፦

ከዚያ በኋላ ለሚመጣው የሱዛና ክላርክን «ፒራኔሲ» አስቀምጥ። ማለቂያ በሌላቸው አዳራሾችና ሐውልቶች የተሞላ ቤት ውስጥ የሚኖር ሰው የሚጽፈው የዕለት ማስታወሻ ነው፤ ሰውዬው ከዓለም መፈጠር ጀምሮ የኖሩት ሰዎች 15 ብቻ ናቸው ብሎ ያምናል። አጭር ነው፤ እንደዚያ የዋህ ሆኖ የሚናገር ተራኪ ሌላ አላገኘሁም።

ገጽ አጣፊ፦

ሦስት ሳምንት ሆነ፤ ቃሌን ልጠብቅ።

መጽሐፉን በሁለት ሌሊት ጨረሰችው። ሁለተኛው ሌሊት ላይ ደወለች፤ ሰዓቱን ሳይ ደንግጬ ነው ያነሣሁት። ሰላም እንኳ አላለችኝም። «ባሏስ?» አለችኝ። ዴና በአንዱ ጉዞ ባሏን ኬቪንን ይዛው ትሄድና ያለ እሱ ትመለሳለች፤ እሱ እዚያ 5 ዓመት ይቀራል። «እነዚያን 5 ዓመታት ለምን አልጻፈችልንም? ነጭ ሰው ነው፤ እዚያ ዘመን ውስጥ ምን ሲያደርግ ኖረ? ሲመለስ አነጋገሩ ተለውጧል፣ ፊቱ ተለውጧል፣ ዴናም ጠግባ አትጠይቀውም።» እኔ ሦስት ጊዜ ያነበብኩት ሰው ስለ ኬቪን እንደዚያ አስቤ አላውቅም ነበር። እስከ ንጋት አወራን። እንዴት ወደ ኋላ እንደሄደች አንድ ጊዜ እንኳ አልጠየቀችኝም።

ጥቁር ቀለም፦

ይህን ሳነብ እጄ ተንቀጠቀጠ። ስለ ኬቪን ያለችው ትክክል ነው። ዴና የማትጠይቀው መልሱን ስለምትፈራ ይመስለኛል።

አሸዋ ለባሽ፦

እንኳን ደስ አለህ፤ ከልቤ ነው። በምርጫው ተሸንፌያለሁ፤ ደስ ብሎኛል። ቀጥሎ ምን ያዘች?

ገጽ አጣፊ፦

ይህን ክር አሳየኋት፤ ከላይ እስከ ታች አነበበችው። አሸዋ ለባሽ፣ «ዱን»ን «ስለ ምራቁ ያለው ሰውዬ መጽሐፍ» ብላ ለራሷ ጽፋ ይዛዋለች። ቀድማ ግን «የጨለማ ግራ እጅ»ን ከመደርደሪያዬ ወሰደች፤ ሳትጠይቀኝ። በእንግሊዝኛው እያነበበች በልቧ ወደ አማርኛ እየመለሰች እንደሆነ ነገረችኝ፤ ኤስትራቨንን ከመጀመሪያው «እሳቸው» ብላ ነበር የጀመረችው።

ትናንት ማታ ይህን መልእክት ላከችልኝ፦ «በረዶው ላይ ናቸው። ድንኳኑ ውስጥ ገቡ፣ ምድጃዋን ለኮሱ፣ ኤስትራቨን ተናገሩ እያልኩ ነበር። ድንገት ሳላስበው አንቺ አልኳት። ገጹን ወደ ኋላ መልሼ ፈለግኩ፤ ምን አንብቤ እንደለወጥኩ አላገኘሁትም። ያንን ሕዳግ ጸሐፊ የሚባለውን ሰው ጠይቅልኝ፤ እሱ ለጓደኛው ሲተርክ ምን ብሎ ነበር?»

ሕዳግ ጸሐፊ፣ ምን ብለህ ነበር?